የዘመን የገበያ ጥናት

(ላሊበላ፤ አንዲት የኪራይ ክፍል። ዘመንና ትሁን በሽርክና ጧፍ ይሠራሉ። ዛሬ ኮሚቴ መጥቶ ምርታቸውን ካየ በኋላ የመሥሪያ ሼድ ይስጣቸው አይስጣቸው ይወስናል። ዘመን ኮን ከተማ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ አፉ አላረፈም። አሁን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይበረብራል፤ የሚታየው ኋላው ብቻ ነው።)

ዘመን፦ ካርቶኑ የት ገባ?

ትሁን፦ ባዶው? ደጅ አለ፤ ዶሮዋ ተኝታበታለች።

ዘመን፦ ምን ባዶው! ናሙናው! ጧፉ! ኮሚቴው ደረሰ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!

ትሁን፦ እሱማ ሄደ።

ዘመን፦ የት ሄደ? እግር አለው?

ትሁን፦ እኔ ነኝ የወሰድኩት። «ሼዱን ብትሰጪን» ብዬ ለአሸተን ማርያም ተስዬ ነበር፤ ዛሬ በጠዋት ዳገቱን ወጥቼ አስገባሁላት።

ዘመን፦ ሼዱን ሳይሰጡን?

ትሁን፦ ቀብድ ነዋ!

ዘመን፦ (ሊነሳ ሲል ጠረጴዛው አናቱን ይለዋል) ወይኔ ዘመን! ከማን ጋር ነው ኢንዱስትሪ ያቋቋምኩት! አገር የሚያድገው በፖሊሲ ነው! እሴት ጨምረሽ፣ ገበያ አጥንተሽ፣ ተኪ ምርት አምርተሽ! በስለት ያደገ ኢንዱስትሪ የት አይተሻል?

ትሁን፦ ተኪ ምርት የቱ ነበር?

ዘመን፦ ከውጭ የሚመጣውን ሻማ በራሳችን ጧፍ መተካት! ስንቴ ልንገርሽ?

ትሁን፦ ስትነግረኝማ ይገባኛል። ዞር ስትል ነው የሚጠፋኝ።

ዘመን፦ እኔ ትናንት ለገበያ ጥናት ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ፣ አንቺ...

ትሁን፦ የቱን ዳገት?

ዘመን፦ (ያስላል) ዳገት ነዋ! ዳገት ሁሉ ያው ነው።

(ስልክ ይጮኻል። ዘመን የደወለው ሰው የሚያየው ይመስል ልብሱን አራግፎ ያነሳዋል።)

ዘመን፦ አቤት ጌታዬ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ... ናሙናው እንኳ ትንሽ... አዩት? የት?... አሸተን ሊሳለሙ ወጥተው?... ጧፉ አይጨስም?... ተፈቀደ? ሼዱ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ትሁን፦ እልልልል! ቀብዱ ሠራ!

(ተቃቅፈው ይዘላሉ። ዘመን መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።)

ትሁን፦ ምነው? ሼድ አገኘን እኮ!

ዘመን፦ ትሁንዬ... ሰው ተስሎ ባይሰጥ... ምን ይሆናል?

ትሁን፦ በስመ አብ! በእሷ ማን ይቀልዳል? ቆይ... ጠዋት የአሸተኑ ቄስ አባ ገብረ ሚካኤል «ባልንጀራሽም ትናንት እያለቀሰ ተሳለ» ቢሉኝ፣ «ሌላ ሰው መስሎዎት ነው አባቴ፤ እሱ በፖሊሲ ነው የሚያምነው» ብዬ ተሟገትኩልህ!

ዘመን፦ አፌ አመለጠኝ።

ትሁን፦ ምን ተሳልክ?

ዘመን፦ (በሹክሹክታ) ማሽኑን።

ትሁን፦ የቱን ማሽን?

ዘመን፦ ስንት ማሽን አለን!

(ሁለቱም ዞረው ጥግ ላይ የቆመውን የጧፍ ማሽን ያያሉ።)

ትሁን፦ ኧረ በላሊበላ! ሼዱ ሲመጣ ማሽኑ ሊሄድ?

ዘመን፦ ለካህናቱ ምን ያደርግላቸዋል ብለሽ ነው? ይመልሱልን ይሆናል።

ትሁን፦ ጧፍ ይሠሩበታላ! ለመሆኑ ጧፋችንን የሚገዛን ማን ነበር?

ዘመን፦ (ወንበር ፈልጎ ያጣል፤ መሬት ላይ ይቀመጣል) እነሱ።

ትሁን፦ (ፊቷ ይበራል) አሃ! ተኪ ምርት አሁን ገባኝ! የተተካነው እኛ ነን! (መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የማሽኑን አንድ ጎን ትይዛለች) ተነስ፣ በዚያ በኩል አንሳ። አንተ ከፊት ሁን፤ ዳገቱን አጥንተኸዋል።