የስልኬ ሴትዮ እና የአቶ ጫቦ ደጅ

ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ዳር ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው እኛ አገር የለም። ቆመ ማለት መሻገር ፈልጓል ማለት ነው። እኔ ጓደኛ ልጠብቅ ቆሜ ተሻግሬያለሁ፤ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ተሻግሬያለሁ፤ አንዳንዴም ምክንያት ሳይኖረኝ ቆሜ ተሻግሬያለሁ። ሳልፈልግ የተሻገርኩትን አስፋልት ብትቀጣጥሉት አዲስ አበባ ያደርሰኛል። አሻጋሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል፤ እኔ ደግሞ ወደ ነበርኩበት የሚመልሰኝ ሌላ ደግ ሰው እጠብቃለሁ። ክፋት የለበትም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢኖርበት እቆጣ ነበር።

ስልኬ ላይ የመንገድ መሪ ከጫንኩ ወዲህ ግን ትንሽ ቀና ብዬ መሄድ ጀምሬያለሁ። የቆምኩበትን ቦታ ከሳተላይት እየተቀበለች በድምፅ የምትነግረኝ ናት፤ «ሴትዮዋ» እላታለሁ። እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አታውቅም። የአርባ ምንጭን ሰፈሮች ሲቀላንና ሴቻን ስትጠራ ጥርሷን ያመማት ትመስላለች፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩና ከዚህ የባሰ ስለሰማሁ ይቅር እላታለሁ። የምወድላት አለማዘኗን ነው። መንገድ ስስት «ወይ የኔ ወንድም» አትልም። «ተመለስ» ትላለች፣ በቃ።

አሁን ወደ ፀጋነሽ ልምጣ። ፀጋነሽ አርባ ምንጭ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ልንጋባ ከተስማማን ቆይተናል። አባቷ አቶ ጫቦ ከጨንቻ ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ሽማግሌዎች ብልክባቸው እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። «ልጁ የተማረ ነው፣ ሥራም አለው፣ ሰምቻለሁ» አሉ አሉ። «እኔ የምፈራው ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ምርኩዝ ሆና እንዳትቀር ነው። ማንም እጁን ሳይዘው ብቻውን ደጄ ድረስ ይምጣ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌዎቹ ስለ እኔ ተቀየሙ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። ሌላውን አማች ሲፈትኑ ስለ ጠባዩ ይጠይቃሉ፤ የኔን ጠባይ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፀጋነሽም አባቷን ልታኮርፍ ተነሳች። በኋላ ግን ሳስበው ሰውየው ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ መልሱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፀጋነሽ ለፋሲካ ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትሄድ «የቤታችሁን ሎኬሽን ላኪልኝ» አልኳት፤ ላከችልኝ። ሴትዮዋ መንገዱን አወቀች፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘ፤ ፀጋነሽ ሥራ ላይ ስለሆነች አርባ ምንጭ ትቀራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሲቀላ መነኸሪያ ስደርስ ጦርነቴ ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከደግ ሰዎች ጋር እንደሆነ ገባኝ። ቃሉ «ማንም እጁን ሳይዘው» ነው። አንድ እጄ ነጭ በትሬን ይዟል፤ ሌላኛውን እጅ ያላየ ሰው እጅ አይዝም ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ክርን እንዳለኝ ረስቼ ነበር። ሚኒባሱ በር እስክደርስ ስንቱን «አመሰግናለሁ፣ ራሴ ነኝ» እንዳልኩት አልቆጠርኩም፤ አንዱ «ምን ያኮራዋል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

የጨንቻን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጆሮ እየደፈነ፣ ሙቀቱ ከታች እየቀረ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እየሳበ ነው የሚወጣው። ጨንቻ ደርሼ ከሚኒባሱ ስወርድ ጉሙ ፊቴን አረጠበኝ። ስልኬን የደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ድምጿን ከፍ አደረግሁት፤ ማዳመጫ አልጠቀምም፣ ጆሮዬ ለሌላ ሥራ ይፈለጋልና። ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት እናት ከፊቴ ቆመው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ልምራህ አሉ፤ አይሆንም ብዬ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። «እንግዲያው ልጸልይልህ» አሉ። ይህን ደግሞ እንዴት እምቢ ይባላል? እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ሞቅ አድርገው ያዙት። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅህን አንተ ራስህ መንገዱን ምራው» ሲሉ፣ ያቺ ጉደኛ ከደረቴ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለች።

እጃቸው ራሴ ላይ ቀጥ አለ። እኛ ዘንድ በጸሎት መካከል የማይታወቅ ቋንቋ፣ ልሳን የሚባለው፣ መሰማቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከደረት ኪስ ሲወጣ ግን ሰምተው አያውቁም መሰለኝ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት «አሜን» ብለው ዘጉት። እኔም አሜን ብዬ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሴትዮዋ በደንብ ወሰደችኝ። በግራና በቀኝ የቀርከሃ አጥር ነበር፣ ከሥሬ ጭቃ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ዳገቱ ላይ ልቤ ይመታ ነበር፤ ከድካም ብቻ አይደለም። በመጨረሻ «መድረሻህ ላይ ደርሰሃል» አለችኝ። በሩን ላንኳኳ በትሬን ዘረጋሁ። በር የለም። አጥርም የለም። ዞርኩ፤ ነፋስና ድንጋይ ብቻ።

ሰው ግን ነበር። ያውም ብዙ ሰው፤ ሁሉም ይጮኻል፤ የሚመልስለት ግን የለም። አንዱ አዲስ አበባ ሸማ የሚሠራ ልጁን ስለ ጣሪያ ይጨቀጭቃል፤ አንዲቷ እህቷን ስለ ባሏ ታማርራለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የቆምኩት መንደሩ ሁሉ ስልክ ለመደወል የሚወጣበት፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ነው። ፀጋነሽ ሎኬሽኑን ለመላክ እዚህ ወጥታለች፤ ስልኳም የቆመችበትን ላከ። የዚህ አገር ሰው ቤትህን ላክ ሲባል መጀመሪያ ከቤቱ ይወጣል።

ሰው ልጠይቅ? «ብቻውን» የሚለው ቃል ይፈርሳል። ልመለስ? እንደዚያ ግራ ገብቶኝ ስቆም አጠገቤ አንድ ወፍራም ድምፅ ስልክ ማውራት ጀመረ። በጋሞኛ ነበር፤ ለእናንተ በአማርኛ ልበለው።

«የለም ነው የምልሽ፣ ፀጋነሽ። ጉሙ ወርዷል፣ ሰውዬሽ የለም። ብቻውን ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ልፈልገው ብወጣ ቃሌን አፈረስኩ፤ ባልፈልገው ገደል ገብቶስ እንደሆነ? ምን ሆኜ ነው እንዲህ ያልኩት?»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «አባባ፣ እዚህ ነኝ» አልኩ።

ጉብታው ሁሉ ጸጥ አለ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ እንኳን ከጣሪያው ጭቅጭቅ ዐረፈ።

«ማን አመጣህ?» አሉ አቶ ጫቦ።

«ማንም። ስልኬ ከሳተላይት እየሰማች መራችኝ።»

«እጅህን የያዘ ሰው የለም?»

«የያዘኝ የለም። አንዲት እናት እጃቸውን ጭነው ጸልየውልኛል፤ እሱ ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም።»

ትንሽ አሰቡ። «ጸሎት አይቆጠርም» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ግን «ደጄ ድረስ ነበር ያልኩት። ይሄ ደጄ አይደለም» አሉኝ። ከስልካቸው ውስጥ የፀጋነሽ ድምፅ በሩቁ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተናዘዘች ነበር። አዳመጧት፣ ዘጉት፤ ከዚያ «ያቺ የስልክህ ሴትዮ ደጄን ካየች ትይዘዋለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዴ ከቆምኩበት አትረሳውም።»

«እንሂድ» አሉ። እጄን አልያዙም። ከፊቴ ሆነው ስለ አጥራቸው፣ ስለ ሸማ ሥራ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ጮክ ብለው እያወሩ ሄዱ፤ እኔም ድምፃቸውን ተከተልኩ። ዝምተኛ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ደጃቸው ላይ ቆመን ስልኬን አወጣሁ፤ ሴትዮዋ የቦታውን ስም ጠየቀችኝ።

«አንተ የምትኖርበትን ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አሉ።

«ቤቴ ብዬ። ሲቀላ የተከራየሁትን ክፍል።»

«ይሄንንም እንደዚያ ጻፈው።»

ጻፍኩት። ሴትዮዋ ግን አልተቀበለችም። «ምን ትላለች?» አሉኝ።

«በዚህ ስም የተያዘ ሌላ ቦታ አለ፤ በዚህኛው ይተካ ወይ ትላለች።»

ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ምንም ሳታዝን መልስ ትጠብቃለች።

«ይተካ በላት» አሉና በሩን ከፈቱት።

ከተጋባን ወዲህ ሲቀላ የምንኖርበትን ቤት በእግሬ ለምጄዋለሁ፤ መሪ አያስፈልገኝም። ግን አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ለጨዋታ ያህል «ወደ ቤቴ» እላታለሁ። ያን ሁሉ ዳገት እንድወጣ ታዘኛለች። ፀጋነሽ አስተካክለው እያለች ትነዘንዘኛለች። ምን ላድርግ? አባቷ ይተካ ብለዋል፤ እስከ ዛሬም ቃላቸውን አላነሱም።