ሁለት መቶ ሃምሳ ኦም

የእኛ ሰው ቶሎ ሲስማማ ያስፈራኛል። ዕድር ላይ አንዱ ሽማግሌ የማይሆን ነገር ሲያወራ ሁሉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል፤ የልቡን የሚናገረው ከበሩ ከወጣ በኋላ ነው። ታክሲ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲጫንብን «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ» እንባላለን፤ እንጠጋለን። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ሲባልልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የፋብሪካ መለኪያዎች እጠግናለሁ። በተለይ ትራንስሚተር። ቦይለር ላይ ተገጥሞ ግፊቱን እየለካ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚልክ መሣሪያ ነው። ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። በእነዚያው ሽቦዎች ኃይል ያገኛል፣ በእነዚያው ልኬቱን ይልካል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያመው በዲጂታል ቋንቋ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። እኛም የሚናገረውን የምናነብበት በእጅ የሚያዝ ማነጋገሪያ አለን። ታዲያ ድምፁ እንዲሰማ መስመሩ ላይ ትንሽ የምትቋቋም ነገር መኖር አለባት፤ የመቋቋም ልኳ ሁለት መቶ ሃምሳ ኦም ገደማ የሆነች ሬዚስተር፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ። እሷ ከሌለች ኃይል ሰጪው ሳጥን ያንን ቀጭን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። መሣሪያው እየተናገረ እናንተ ሞቷል ትላላችሁ።

እኔም ሞቷል አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ የምትባል የዶሮ ማነቂያ ልጅ ሙያውን እኔ ዘንድ ተምራለች። ሰባት ዓመት አብራኝ ሠርታ አንድ ፋብሪካ ቀጠራት። እጇ ጥንቁቅ፣ አፏ ቁጥብ ነው። እኔ ስናገር «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህንንም ጨዋነት ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። አንድ ቀን እሷ ፈትታ ያጸዳችው የቦይለር ትራንስሚተር በማግስቱ የተሳሳተ ቁጥር ማሳየት ጀመረ። «አቃጥላዋለች» ተባለ። መሣሪያው ውድ ነው፣ ጉዳዩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ደረሰ። ኮሚቴውም የባለሙያ ቃል ፈልጎ መሣሪያውን ወደ እኔ ላከ።

ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሽቦውን አገናኘሁ። ማነጋገሪያው «መሣሪያ አልተገኘም» አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የኤሌክትሪክ ጅረቱን በአምፔር መለኪያ ባየው ኖሮ በሕይወት እንዳለ በደቂቃ አውቅ ነበር። ግን እኔ ማን ነኝና? የስንት ዓመት ባለሙያ! «ተቃጥሏል» ብዬ ጻፍኩና ማኅተሜን አሳረፍኩበት። እውነት እላችኋለሁ፣ ስለ ልጅቷ አዝኛለሁ፤ ሐዘኔ ግን እጄን አልያዘውም።

ሁለት ወር አለፈ፤ በዚያ መሀል የመጣልኝ ሥራ ሁሉ ሌላ ዓይነት መለኪያ ነበር። አንድ ደንበኛ አዲስ ትራንስሚተር ከነላስቲኩ ይዞልኝ መጣ፣ ቅንብሩን እንዳስተካክልለት። አገናኘሁት። «መሣሪያ አልተገኘም።» ከካርቶኑ ገና የወጣ ዕቃ! ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ስከተል ሬዚስተሯ የለችም። የዘይነባ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ለበዓል ክፍሏን ሳጸዳ የተንዘላዘለ ሽቦ ሁሉ ቆርጬ እንደጣልኩ ትዝ አለኝ።

ደረጀን ጠራሁት። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው።

«ሬዚስተሯን ቆርጬ ስጥል አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«የዘይነባን መሣሪያ ስሞክርስ?»

«አጠገብዎ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ፣ አንተ ሰው?»

«እርስዎ አውቀው ያነሱት መስሎኝ ነው» አለኝ። ልቆጣው አልኩና ተውኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ በአፌ ባይሆንም በተቋጠረ ግንባሬ።

የዚያኑ ዕለት ሽቦው ላይ ሬዚስተር በይጄ፣ ማነጋገሪያዬን ይዤ ፋብሪካው ሄድኩ። የዘይነባ ትራንስሚተር ግምጃ ቤት ተጥሎ ነበር። ሳገናኘው ወዲያው ተናገረ፤ ስሙን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የሚለካበትን ወሰን። ወሰኑ ብቻ ነበር የተዛባው፤ ያ ደግሞ በደቂቃ የሚታረም እንጂ ቃጠሎ አይደለም። አስተካከልኩት፣ ሠራ። ሥራ አስኪያጁ ግን ከመዝገቡ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፤ የዘይነባ ፊርማ ነው። በዚያ ወረቀት ተሰናብታለች። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጻፍኩና ማኅተሜን አሳረፍኩበት፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ በሳምንቱ ወደ ሥራዋ መለሳት።

በስልክ ለምኛት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። ማኪያቶዋን አልነካችውም።

«ሳታቃጥይው ለምን ፈረምሽ?» አልኳት።

«እርስዎ ተቃጥሏል ካሉ እኔ ምን እላለሁ ጋሼ?»

ብድግ አልኩ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አገሩን ታውቁት የለ? ሽማግሌ ቆሞ ይቅርታ ሲለምን ታናሹ «ኧረ በሞቴ፣ ምን ሆነው ነው! ይቀመጡ!» ብሎ እጁን ይይዛል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እኔም እሱን እየጠበቅኩ ቆምኩ።

«አይ ጋሼ» አለችኝ ቀና ብላ። «ዛሬ አልችልም። ሁለት ወር ሙሉ አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ በጓሮ በር ነበር የሚገባው፤ ጎረቤት እንዳይጠይቀው። ይቅር የምልዎት ቀን ከመጣ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቶሎ አልተቀመጥኩም። አሁን ሬዚስተሯ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስራለች። ደረጀን ስሳሳት ንገረኝ ብዬዋለሁ፤ «እሺ ጋሼ» ብሎኛል፣ እንግዲህ እናያለን። ዘይነባ እስካሁን አልመጣችም። ሰባት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ድምጿን የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።