ሠላሳ እግር እንሰት በቅን ልቦና

(ቡታጅራ ዳርቻ፣ አንድ የቀበሌ ግብርና ጽሕፈት ቤት በር ላይ። ኃላፊው ሸምሶና የመስክ ሠራተኛው ኢስሀቅ ይጨቃጨቃሉ።)

ሸምሶ፦ ጫማህን አታስጠርግ አልኩህ! እያብረቀረቅክ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ጥፋተኛ ትመስላለህ።

ኢስሀቅ፦ በጭቃ ብገባስ ጋሼ?

ሸምሶ፦ ከማሳ የመጣ ትጉህ ሠራተኛ ትመስላለሃ! ሕግ ከማያውቅ ሰው ጋር መሥራት እኮ ፈተና ነው።

ኢስሀቅ፦ የሰው እንሰት መንቀል ያሳስራል እንዴ? ወላሂ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሠላሳ እግር! እማማ ከድጄ ስድስት ዓመት አሳድገው ዘንድሮ ለቆጮ ሊፍቁት ነበር። ፊቴ ቆመው አለቀሱ።

ሸምሶ፦ ስማ። የመንግሥት ሠራተኛ በቅን ልቦና ከሠራ ወንጀል የለበትም፤ አለቀ! አጠውልግ በሽታ ገባ ተባለ፣ ሌላ ጓሮ እንዳይዛመት ነቀልክ።

ኢስሀቅ፦ ቅን ልቦና በምን ይታያል? ማስረጃ አምጣ ቢሉስ?

ሸምሶ፦ ልብ ውስጥ ላለ ነገር ምን ማስረጃ አለው?

ኢስሀቅ፦ እርስዎ ጽፈው ማኅተም ቢያደርጉበትስ?

ሸምሶ፦ (እየሳቀ) ለልብህ ማኅተም ከእኔ? ይልቅ እንለማመድ። እኔ መርማሪ ነኝ። (ጉሮሮውን ጠርጎ) ማን አዘዘህ?

ኢስሀቅ፦ ጋሼ ሸምሶ፣ በስልክ።

ሸምሶ፦ ስም አይጠራም! «መዋቅሩ አዘዘኝ» በል።

ኢስሀቅ፦ የመዋቅሩን ስልክ ቁጥር ቢጠይቁኝስ?

ሸምሶ፦ መዋቅር ስልክ የለውም!

ኢስሀቅ፦ ታዲያ እንዴት ደወለልኝ?

ሸምሶ፦ አቤት ያንተ ነገር! እሺ፣ በደብዳቤ ታዘዝኩ በል።

ኢስሀቅ፦ ደብዳቤው የታለ ሲሉኝ?

ሸምሶ፦ ጠፋ በላቸው!

ኢስሀቅ፦ እሱንም በቅን ልቦና ነው የምዋሸው?

ሸምሶ፦ ለመሥሪያ ቤቱ ስም ስትል ነዋ! ውሸት አይባልም።

ኢስሀቅ፦ (ራሱን እያከከ) እሱ እንኳ አልፏል። ቃሌን ትናንት ሰጥቻለሁ።

ሸምሶ፦ (ደንግጦ) ምን ብለህ?

ኢስሀቅ፦ የሆነውን። ቅጠሉ ጤነኛ ነው ብዬ ስደውልልዎት፣ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ንቀል!» እንዳሉኝ። የተደዋወልንበትን ሰዓት ከስልኬ ላይ አይተው ጻፉት።

ሸምሶ፦ ታዲያ ዛሬ ለምንድን ነው የጠሩህ?

ኢስሀቅ፦ ለምስክርነት። ያሳስራል እንዴ ያልኩዎት ለእርስዎ ተጨንቄ ነው። (ከኪሱ ወረቀት እያወጣ) ይኸው መጥሪያዎ፤ ይዘሃቸው ና ብለውኛል።

ሸምሶ፦ (እጁን ወደ ኋላ ደብቆ) እኔም እኮ በቅን ልቦና ነው! ለሕዝብ ብዬ ነው!

ኢስሀቅ፦ እኔም ለመርማሪው እንደዚያው አልኩልዎት። «ታዲያ አለቃህ እንሰቱ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን፣ የግንብ አጥራቸውን ሁለት ሜትር ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሴትዮዋ ጓሮ ያስገቡትስ በምን ልቦና ነው?» አለኝ። እኔ ሕግ አላውቅም፣ ጋሼ ያስረዱሃል አልኩት።