በሆዮ ኢስተሂል ሳሎን ድምፅን ከአምስት አቅጣጫ ስለ ማምጣት

የጅግጅጋ ከተማ የሆም ቲያትር አፍቃሪዎችና ገጣጣሚዎች ኮሚቴ ቅዳሜ ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በወይዘሮ ኢስተሂል ሳሎን፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ እናት ለማለት «ሆዮ» ብሎ ስለሚጠራቸው በዚህ ቃለ ጉባኤም ሆዮ ኢስተሂል ተብለዋል።

የተገኙ፦

1. አቶ ዘነበ፣ ሰብሳቢ። የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ። ሪሞቱ በእጃቸው ያለ።
2. ሻርማርኬ፣ ምክትል ሰብሳቢ። የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ። ሪሞቱን የሚፈልግ።
3. ናሁሰናይ፣ የጆሮ ጉዳዮች ኃላፊ። የባንክ ሠራተኛ።
4. ባሺር፣ ጸሐፊ። ከስምንተኛ ክፍል በራሱ ፈቃድ የወጣ። የተመረጠው ጽሕፈቱ ስለሚነበብ ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን ሌሎቹ መናገር እንጂ መጻፍ ስለማይወዱ ነው።

ያልተገኘ፦ ዐብዲኑር። ገመድ እንዲያመጣ ቶጎጫሌ ከተላከ ወዲህ ገመዱም እሱም አልታዩም።

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሆዮ ኢስተሂል «ገመዱስ?» ብለው ጠይቀዋል። ገመድ በምልዓተ ጉባኤ እንደማይቆጠር ከሰብሳቢው ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል።

ስብሰባው የተጠራበት ምክንያት

የሆዮ ኢስተሂል ልጅ ሳጋል በቅርቡ ደገሀቡር ተድራለች። እናት በዚያ ሰሞን ቱሊ ጉሌድ ሄደው እኅታቸውን እያስታመሙ ስለነበር ሰርጉ ላይ አልተገኙም። በሰርጉ ላይ የሙሽራው አክስት ቡራንቡር፣ ማለትም ሴቶች በከበሮ የሚገጥሙትን ግጥም፣ ስታወርድ የሆዮ ኢስተሂልን ስም ጠርታለች። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ «ስማቸውን ጠርታ ምን አለች?» የሚለው ላይ ነው። ከሰርጉ ከተመለሱት ሴቶች ገሚሶቹ «አመሰገነቻት» ሲሉ ገሚሶቹ ደግሞ «ንቃን ቀረች ብላ አዋረደቻት» ይላሉ። እልልታው ስለበዛ በደንብ የሰማ የለም፤ እርግጠኛ ያልሆነም የለም።

አማቻቸው የሰርጉን ሲዲ ከአዲስ ሆም ቲያትር ጋር በስጦታ ልኮላቸዋል። ሆዮ ኢስተሂል ሲዲውን ለብቻቸው አልከፈቱም። «አመሰገነቻት» ባይዋም «አዋረደቻት» ባይዋም በተገኙበት ሊሰሙት ሃያ ሴቶችን ለ9 ሰዓት ጠርተዋል። ጎረቤታቸው ፋይሶ «የድሮው ዴክ ይበቃሻል፤ እነዚህን ሰዎች እቤትሽ አታስገቢ» ብላ ነበር። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጪ ስለሆነ አልተመዘገበም።

አጀንዳ አንድ፦ የአባላትን ብቃት ስለ መገምገም

ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ግለ ሂስ እንዲቀድም ሰብሳቢው አሳስበዋል።

ሻርማርኬ ትልቁ ድክመቱ ትሕትና ማብዛቱ እንደሆነ በግልጽነት ተናግሯል። ከካራማራ ወዲህም ሆነ ወዲያ እሱ ያልተከለው ስፒከር እንደሌለም አክሏል። ናሁሰናይ በበኩሉ «የእኔን ቤት የተከልከው አንተ ነህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዜና የምሰማው ከመታጠቢያ ቤት ነው» ሲል ሂስ አውርዶበታል። ሻርማርኬ ሂሱን ተቀብሎ ጥፋቱ የመታጠቢያ ቤቱ እንደሆነ አስረድቷል።

ናሁሰናይ ጆሮው የዱባይን ሽቦ ከቻይና ሽቦ በድምፁ ብቻ እንደሚለይ ገልጿል። ባለቤቱ ስትጠራው ለምን እንደማይሰማ ከጸሐፊው ጥያቄ ቀርቦለት «እሱ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው» ብሏል።

አቶ ዘነበ በቤታቸው አንድ የሄሊኮፕተር ሲዲ እንዳላቸው፣ ሄሊኮፕተሩ ከግራ ጆሮ ተነሥቶ በቀኝ ጆሮ ሲያልፍ አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ሻይ ደረቱ ላይ እንደደፋ፣ ይህንንም እንደ ምስክር ወረቀት እንደሚቆጥሩት ተናግረዋል። የዛሬውም ተከላ በሄሊኮፕተሩ እንዲፈተሽ ሐሳብ አቅርበዋል። ሆዮ ኢስተሂል «ልጄ በሄሊኮፕተር አልተዳረችም፣ በላንድክሩዘር ነው የሄደችው» ብለው ተቃውመዋል።

ጸሐፊው ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ መለየት እንደሚችል፣ የትኛው የት እንደሚገባ ግን ለታላላቆቹ እንደተወ ተናግሯል። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አዘዋል። ትእዛዛቸው ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለአራቱም አባላት «እጅግ በጣም ከፍተኛ» የሚል ውጤት እንዲሰጥ፣ አራቱም አባላት እጃቸውን አውጥተው ወስነዋል። ካርቶኑ እስካሁን እንደታሸገ ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ መሃል የት እንደሆነ ስለ መወሰን

ካርቶኑ ተከፍቷል። የአተካከል መመሪያው በቻይንኛ ስለተጻፈ ሥዕሉ ብቻ ተነብቧል። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰውዬ ቤቱ መሃል ሶፋ ላይ ለብቻው ተቀምጦ አምስት ስፒከሮች ከበውታል። የሆዮ ኢስተሂል ሳሎን ግን እንደ ሰፈሩ ሁሉ አረቢያን መጅሊስ ነው። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ዙሪያውን ይቀመጣል። መሃሉ ላይ ፔርሙዝና ትሪ እንጂ ሰው የለም።

ናሁሰናይ ድምፁ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ አራቱንም ማዕዘን እየዞረ አጨበጨበ። በዚህ ጊዜ ፋይሶ ከጎረቤት እልል እያለች ገብታ «ያለ እኔ ጀመራችሁት እንዴ?» ብላለች። አንድ ሰው ለግድግዳ እያጨበጨበ መሆኑን ስታይ ሆዮ ኢስተሂልን በዓይኗ ብቻ አናግራ ወጥታለች።

ሰብሳቢው ጥናቱን ጠቅለል አድርገው፣ በሳይንሱ መሠረት በዚህ ቤት ፍጹሙን ድምፅ የሚሰማው ፔርሙዙ ብቻ መሆኑን አሳውቀዋል። ስለዚህ ፔርሙዙ ተነሥቶ አንድ የፕላስቲክ ወንበር በቦታው እንዲቀመጥ ተጠይቋል። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ሦስቱ አባላት ለረጅም ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። በጭቅጭቁ መካከል ሻርማርኬ ተቀምጦበት ተገኝቷል።

ሆዮ ኢስተሂል «ሃያ ሴት ነው የጠራሁት። ሃያዋንም እዚች ወንበር ላይ ልትደራርቧቸው ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሴቶቹ በወረፋ እንዲቀመጡ ተወስኗል። ምስጋናውን የሰማችው ስድቡን ለምትሰማው ቦታ እንድትለቅም በማሻሻያ ታክሏል።

አጀንዳ ሦስት፦ ምሳ

ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከነሙዙ። ውይይት አላስፈለገም።

አጀንዳ አራት፦ የገመድ እጥረት

የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ገመድ የኋላው ግድግዳ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። ዐብዲኑር በሌለበት በሙሉ ድምፅ ተወቅሷል። ናሁሰናይ መጅሊሱ ወደ ፊት ይጠጋ ቢል፣ ሆዮ ኢስተሂል መጅሊሱን የነካ እጅ ከዚህ ቤት እንደማይወጣ አስታውቀዋል።

ሻርማርኬ ቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠው የመሃለኛዋ ስፒከር ገመድ ተቆርጦ ለኋለኞቹ እንዲቀጠል ሐሳብ አቅርቧል። ሲያብራራም «እዩዋት እስቲ፣ ይህቺን የምታህል ትንሽዬ ነገር ምን ልትሠራ ነው? ቻይና ካርቶኑን እንድትሞላ ነው የጨመራት» ብሏል። ናሁሰናይ መሃለኛዋ እንዲያውም ዋናዋ እንደሆነች አንድ ቦታ ማንበቡን ተናግሯል። ለምን ዋና እንደሆነች ሲጠየቅ ረስቶታል። የት እንዳነበበው ሲጠየቅም ረስቶታል።

ሆዮ ኢስተሂል «ዋሪያ ሻርማርኬ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉት።

«ወላሂ፣ ሆዮ፣ አታስቢ። ከበሮው ጆሮ ግንድሽ ሥር ነው የሚመታልሽ።»

«እኔ ከበሮ ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው ሴትዮዋ ያለችውን ነው።»

«እሱማ አብሮ ይመጣል» የሚል መልስ ከሰብሳቢው ተሰጥቷል። የሰብሳቢው ፒንሳ ያለ ፊርማ ከመሥሪያ ቤት ስለማይወጣ ገመዱ በሽንኩርት ቢላዋ ተቆርጧል። ውሳኔው በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው ለማስታወስ እየሞከረ የነበረው ናሁሰናይ ነው።

አጀንዳ አምስት፦ ምረቃ

ሴቶቹ 9 ሰዓት ላይ ገብተው ሳሎኑን እስከ በሩ ድረስ ሞሉት። ከአዋረደቻት ወገን ዋናዋ ሳብሪን ሆዮ ኢስተሂልን ፊት ለፊት ለማየት የሚመች ቦታ መርጣ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ስለ ዙሪያ ገብ ድምፅ ንግግር አድርገዋል። ያዳመጠ የለም።

ሲዲው ተከፈተ። ከበሮው ከኋላ ሲመታ የቡፌው ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ፤ አንዲት ሴት ቢስሚላሂ አለች። በቀኝ በኩል ፍየል ስትጮህ ሦስት ሴቶች ዞረው «ሂጅ!» ብለዋታል። ኮሚቴው በዚህ ጊዜ እርስ በርሱ ተጨባብጧል።

ከዚያ የሙሽራው አክስት ወደ መሃል ወጣች። እጇን አነሣች፣ አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ፍየሏም አለች። ሴትዮዋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ተራ ደርሷት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት «እዚህም የለም» ስትል ሪፖርት አቅርባለች።

ሳብሪን ተነሥታ «አፏን እዩት! እንዲህ ጠምዛዛ አፍ ስድብ እንጂ ሌላ አይወጣውም» አለች። ፋይሶ «የሚሳደብ ሰው እንዲህ ጥርሱ አይታይም» ስትል መለሰች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሆዮ ኢስተሂል የሴትዮዋን አፍ ብቻ ያዩ ነበር። ጸሐፊው ይህንን ሲያይ ሊጽፍ የነበረውን ቀልድ ትቶታል።

ሰብሳቢው ከዚህ የበለጠ ጥራት እንደማይገኝና ሴቶቹ ከበሮውን ልብ ብለው እንዲያዳምጡ ጠይቀዋል። ሆዮ ኢስተሂል «ከበሮ ስሜን አይጠራም» ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ናሁሰናይ «አሁን መጣልኝ! የሰው ንግግር የሚወጣው እኮ በመሃለኛዋ ነው» ብሎ ጮኸ። ሻርማርኬ አባሉ እውቀቱን ከድምፅ አሰጣጥ በኋላ ማምጣቱ የሥነ ሥርዓት ጥሰት መሆኑን ጠቁሞ እርምጃ እንዲወሰድበት ጠይቋል። እርምጃው የተወሰደው ግን በአራቱም ላይ ነው። ሆዮ ኢስተሂል «ውጡ!» የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ጸድቆ፣ ኮሚቴው በጓዳው በር እየተገፋ ወጥቷል።

አጀንዳ ስድስት፦ በጓሮው፣ መስኮቱ ሥር የቀጠለ

የኮሚቴው አባላት ጥፋቱን ለዐብዲኑር፣ ለቻይናና ለናሁሰናይ እያከፋፈሉ ሳለ፣ ውስጥ ፋይሶና ሆዮ ኢስተሂል የድሮውን ዴክ ከአልጋ ሥር አውጥተው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተውታል። ቀዩ ከቀይ፣ ነጩ ከነጭ፣ ቢጫው ከቢጫ። ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ከራሱ፣ ቀጠን ብሎ፣ ትንሽ እንደ ጉንፋን አድርጎት ወጣ። አክስቲቱ በሶማሊኛ ያለችውን ጸሐፊው በመስኮት ሰምቶ እንደሚከተለው ወደ አማርኛ መልሶታል፦

ኢስተሂል ለምን ቀረች አትበሉ፤
የቀረችው እኅቷን ደግፋ ነው።
በሽተኛ ትቶ ሰርግ ከሚሮጥ ቤት ልጅ አንወስድም፤
እኛም ነገ እንታመማለን፣ ሳጋል የማን ልጅ እንደሆነች አውቀናል።

መጀመሪያ እልል ያለችው ሳብሪን ናት፤ ፋይሶ «ቀስ፣ ጉሮሮሽን ትጎጂዋለሽ» አለቻት። ሆዮ ኢስተሂል «ድገሙልኝ» አሉ። ተደገመ። ደግመው «ድገሙልኝ» አሉ።

አቶ ዘነበ መስኮቱ ሥር ሆነው ድምፁ ቤዝ እንደሚጎድለው ተናግረዋል። ሻርማርኬ «ዝም በሉ እስቲ አቶ ዘነበ፣ ልስማበት» ብሏቸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው ኮሚቴው ወደ ውስጥ ተመልሶ ቤዙን ቢያስተካክል የሚል ሐሳብ በመስኮት አቀረቡ። ፋይሶ የተሻሻለ ሐሳብ ይዛ በመስኮቱ ብቅ አለች። በዚሁ መሠረት ኮሚቴው ዛሬ ያሳለፋቸው ውሳኔዎች በሙሉ እንዲሻሩ፣ ፔርሙዙ ወደ መሃሉ፣ ስፒከሮቹ ወደ ካርቶናቸው እንዲመለሱ፣ «እጅግ በጣም ከፍተኛ» የሚለው ውጤትም እንዲሰረዝ ለድምፅ ቀረበ። ከመስኮቱ ሃያ አንድ እጅ ወጥቷል። ሰብሳቢው ሴቶቹ አባላት አለመሆናቸውን ሲያስረዱ፣ የሻርማርኬ እጅም ወጥቶ ስላዩ ትተውታል። ውሳኔው ጸድቋል። የምሳው ውሳኔ ብቻ በተፈጥሮው ሊሻር ስለማይችል እንዲጸና ተደርጓል።

ጉባኤው 11 ሰዓት ላይ ተበትኗል። አባላቱ ግን አልተበተኑም። ጫማችን በዋናው በር ላይ፣ ከሃያ ሴቶች ጫማ ሥር ነው። ሻርማርኬ ሊያመጣ ሄዶ «ደግሞ ሊነካካ መጣ!» ተብሎ ተመልሷል። ይህ ሲጻፍ መግሪብ ተቃርቧል፤ አራታችንም በባዶ እግራችን ጓሮ ቆመን ግጥሙን በቃላችን ይዘነዋል።