የወይዘሮ አስካለማርያም የዘር ምርመራ

የልጅ ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ አንዲት ዘር መርማሪ አያት አትጠፋም። ለቃሊቲው በያጅ ለቀጀላ የደረሱት ደግሞ የመርማሪዎቹ ሁሉ አለቃ፣ ክብርት አማቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው።

የቀጀላ ልጅ ትንሹ ብሩህ ሲስቅ የእሳቸውን አባት ይመስላል። ሲያለቅስ ግን፣ "ከአባቱ ወገን ነው" ይላሉ። አፉን ዘግይቶ መፍታቱ፣ የግዝረቱ ቁስል ቶሎ አለመድረቁ፣ ሽሮ አለመውደዱ ሁሉ ከአባት ወገን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀጀላ፣ አሁን ደግሞ ይህንን በእኛ ሊያላክኩ ነው እያለ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ብሩህ ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀና ደሙ አልቆም አለ። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ፎጣው ሁሉ ራሰ። "የአባቱ ወገን ደም ቀጭን ነው" አሉ አማት፤ ፎጣውን ግን ከከንፈሩ ላይ አላነሱም። ያን ቀን ቀጀላም አመናቸው፤ የራሱን ደም ረገመ።

ደሙ በመድኃኒት ከቆመ በኋላ ሐኪሟ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ይህ በሽታ ሄሞፊሊያ እንደሚባልና በዘር እንደሚወረስ ነገረቻቸው። ሳይንቲስቶች የሰውን ዲኤንኤ እንደ አገር ካርታ ስላነሱት፣ በሽታውን የሚያመጣው ስህተት የቱ ጋ እንዳለ በደም ምርመራ ማየት ይቻላል አለች። ወይዘሮ አስካለማርያም ካርታው የአባትየውን አገርም ያሳይ እንደሆነ ጠየቁ።

ውጤቱ ሲመጣ ስህተቱ ብሩህ ላይ፣ እናቱ ማህሌት ላይ፣ አያቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ላይም ተገኘ። ወንድ ልጅ ይህን በሽታ ከእናቱ እንጂ ከአባቱ አይወርስም አለች ሐኪሟ።

ቀጀላ ለዓመታት የተመኘው ድል እጁ ገባ። ዞር ብሎ ሲያያቸው ግን አማቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል።

"ወንድሜ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው" አሉ ቀስ ብለው። "የአባቴ ዘመዶች እናቴን እስክትሞት ድረስ ልጇን የበላች ሲሏት ኖሩ።"

ቀጀላ ክንዳቸውን ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸው።

በማግስቱ ክብርነታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሪስ አቦ፣ ታናሽ እህታቸው የሺሐረግ ቤት ሄዱ። የየሺሐረግ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። እሷና ልጇ እንዲመረመሩ ሲነግሯት፣ የሺሐረግ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብላ አሻፈረኝ አለች።

"አለ። እኔ ጋ አለ" አሏት። "አፍሬ ዝም ብል፣ የልጅሽ ልጅ ሲገረዝ ማን ሊደርስለት ነው?"

ቀጀላ የሺሐረግንና ልጇን ከአማቱ ጋር ይዞ ላቦራቶሪ በሄደ ቀን፣ ደም የምትቀዳው ነርስ እሱም ከተመርማሪዎቹ አንዱ መስሏት እጅጌውን እንዲሰበስብ ነገረችው። ወይዘሮ አስካለማርያም ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"እሱን ተይው ልጄ" አሏት ኮራ ብለው፤ "በእሱ በኩል ንጹሕ ነን።"