ለአንጀት ደቦኞች የተደገሰ ድግስ

የአገር ታላቅነት የሚለካው ድንበሩን በሚያስከብርበት አደረጃጀት ከሆነ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩት የአቶ ሀብተሚካኤል አንጀት ታላቅ አገር መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። አቶ ሀብተሚካኤል ደቦ ጠርተው ሰው ቀርቶባቸው የማያውቅ ገበሬ ናቸው። ሰሞኑን ግን ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ቁርጠቱም ወገባቸውን አጉብጦ አላስቀምጥ ስላላቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ እየጎተቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

ነርሷ ፋና ካስመረመረች በኋላ ነገሩን አስረዳች። አንጀታቸው ውስጥ ወስፋት ገብቷል። የሰውነታቸው ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉት፣ ትሉን ለማባረር ወጥተዋል። አንዱ ሌላውን ሲጠራ፣ የተጠራውም ሌላ ሲጠራ ቦታው ሞላ፤ ለትሉ ብለው የረጩት መርዝ ያረፈው አንጀቱ ላይ ነው። ያበጠውና የቆሰለውም በዚሁ ነው።

«ደቦ ወጥተውልኛል በይኛ» አሉ አቶ ሀብተሚካኤል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«እንደዚያ ይበሉት፣ አባቴ። አዝመራውን የረገጡት ግን እነሱ ናቸው። ይህን ክኒን ይዋጡ፤ ትሉ ሲወጣ እነሱም ይበተናሉ።»

«ሳይበሉ?»

ፋና ቀልድ መስሏት ሳቀች። አቶ ሀብተሚካኤል ግን የምራቸውን ነበር። በአባታቸውም በእሳቸውም ዘመን ደቦ የወጣ ሰው ከግቢያቸው ጦሙን ወጥቶ አያውቅም። ክኒኑን ሳይቀበሉ ቤታቸው ገቡና በግ እንዲታረድ፣ ጠላ እንዲቀዳ፣ በርበሬውም እንዲጠናከር አቅጣጫ አስቀመጡ።

ተጋባዦቹ ያሉት ሆዳቸው ውስጥ ስለሆነ፣ የሁሉንም ድርሻ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ራሳቸው በሉት። ወስፋቱም ማንም ሳይጠራው ከማዕዱ ተካፈለ። ወይዘሮ አቻምየለሽ መድኃኒቱ ይሻላል ብለው ቢለምኑ፣ ደቦ በታኝ የሚል ስም ለልጆቻቸው እንደማያወርሱ ዱለቱን እያላመጡ አስታወቁ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ደም አስቀመጣቸው፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ሚስታቸው ባሌ ሞተብኝ ብለው ሲጮሁ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠራ፣ የተጠራውም ሌላ ጠራ። ቃሬዛው የሚፈልገው አራት ሰው ቢሆንም መንደሩ በሙሉ ተሸከማቸው። ጤና ጣቢያው ሲደርሱም ሳይረዳ ሊቀር የፈቀደ አልነበረም። በሩ ተገነጠለ፣ አልጋው ተሰበረ፣ ጠረጴዛው ተገለበጠ። የሕዝብ ተሳትፎው ከዕቅድ በላይ ሆነ። ውጭ የቀረችው ፋና ብቻ ነበረች።

ሰውየው ታፍነው ሊሞቱ ነውና እባካችሁ ውጡ እያለች በመስኮት ብትለምን፣ ጎረቤታቸው አቶ አድማሴ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ አንቺ ዞር በይ፤ እኛ እያዳንነው ነው» አሏት።

እንደ ምንም ክኒኑን ከኪሷ አውጥታ በመስኮት ለወይዘሮ አቻምየለሽ አቀበለቻቸው። አቶ ሀብተሚካኤል ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ ሚስታቸው አስዋጧቸው፤ እግዜር ይመስገን፣ ተረፉ። በማግስቱም ወስፋቱ ወጣ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ምንም ሳይሰብር የወጣ እሱ ብቻ ነው።