ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አነሳታለሁ

አማርኛ ሰነፍ ቋንቋ ነው። ቅር አይበላችሁ፣ እኔም አፌን የፈታሁት በሱው ነው፤ ግን እውነቱን እናውራ። አንድ ግስ ይቀጥርና የአስር ሰው ሥራ ያሠራዋል። «ማንሳት» የሚባለውን ምስኪን ተመልከቱልኝ። ዕቃ ያነሳል። ነገር ያነሳል። በሌለበት የሰው ስም ያነሳል፣ ያውም በክፉ። ጠብ ያነሳል፣ አቧራ ያነሳል፣ ይሄ ሁሉ ሳያንሰው ደግሞ ፎቶ ያነሳል። እንግዲህ እንዲህ የደከመው ግስ አንድ ቀን ቢሳሳት ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። የተፈረደው በኔ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የምሠራው ሰመራ፣ መዝገብ ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋይል አነሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ። ያስተማረኝ የለም። ካሜራዬን የሸጠልኝ ከጅቡቲ የሚመለስ ሹፌር ነው፤ መመሪያዋ በማላውቀው ቋንቋ ስለተጻፈ እየነካካሁ ተማርኳት። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ በሙሉ የራሴ አውራ ጣት ናቸው። ባለብዙ ኪስ ሰደርያና ሰፊ ባርኔጣም ገዝቻለሁ። ፎቶው ባያምር እንኳ አንሺዋ ትመር እንጂ...

ቅዳሜ የሚያዞሩኝ ጓደኞቼ ሁለት ናቸው። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ጭማቂ ቤት አላት፤ ምላሷ አንዳንዴ እንደ ማንጎዋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሎሚዋ። ዓሊ የዚሁ የአፋር ልጅ ነው፤ ነጭ ፒካፕ አለው፤ ትዕግሥት ደግሞ ከፒካፑም ይበልጥበታል።

የዛን ቅዳሜ በዲቾቶ መንገድ ወጣ ብለን ስንመለስ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ እስከ ወገቧ አሸዋ የዋጣት የጭነት መኪና አየሁ። በጀርባዋ ሳጥን በሳጥን የተደረደረ ቲማቲም። ከኋላዋ ጥቁር ድንጋይ፣ ከፊቷ ነጭ አሸዋ፣ መሀል ላይ ቀይ! እናንተ ብትሆኑ ታልፉ ነበር?

«ዓሊ፣ አቁምልኝ።»

«ደግሞ ምን አየች?» አለች ዘሃራ። «ወላሂ፣ እዚህ ሐሩር ላይ ከወረድኩ እኔም ቲማቲም ነኝ።»

ሁለቱም ከመኪናው አልወረዱም። ካሜራዬም አሸዋ እንዳይገባባት ቦርሳዋ ውስጥ ቀረች። እኔ ብቻ በባርኔጣዬና በሰደርያዬ ወረድኩ። ሹፌሩ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ስሙ ጋሽ በላቸው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ላንሳት?» አልኩት በትሕትና። ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነዋ።

ብድግ አለ። «ታነሻታለሽ?»

«ደስ ካለዎት።»

«ምን ደስ ካለዎት ትለኛለች! ከጠዋት ጀምሮ የሚያነሳኝ አጥቼ አይደለም እንዴ የተቀመጥኩት?»

ልቤ ተነካ። ከጠዋት ጀምሮ ፎቶ አንሺ የሚጠብቅ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ለመሆኑ በምንሽ ነው የምታነሻት?»

«መሣሪያው መኪና ውስጥ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ጉልበቷ ሌላ ነው።»

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ጣቶቼን እንደ መስኮት አገጣጥሜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ለካሁ። ወደ ኋላ አስር እርምጃ ሄድኩ። በሆዴ ተኝቼ ከጎማው ሥር ወደ ላይ አየሁ። ጋሽ በላቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይከተለኛል። እኔ «የጥበብ አድናቂ» አልኩ በሆዴ። እሱ ለካ «የመንገድ ኢንጂነር» ብሎኛል!

ተነሳሁና አቧራዬን አራገፍኩ። «አሁን አትሆንም፣ ጋሼ። በዚህ ፀሐይ ካነሳኋት ትቃጠላለች።»

ብርሃን የበዛበት ፎቶ ተቃጠለ እንደሚባል ታውቃላችሁ። እሱ የሚያውቀው የሚቃጠል ነገር ደግሞ ሞተር ነው።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ታዲያ እንዴት ይሻላል?»

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥቼ በደንብ አነሳታለሁ። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካት። ልክ እንዳለች ትቆየኝ!»

«በሞቴ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ አልኩ እኮ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ወደ አስር ሰዓት ላይ ሰመራ አቧራ ሲነሳ፣ «ብርሃኑ ተበላሸ፣ ዛሬ አይሆንም» ብዬ ዘሃራ ጭማቂ ቤት ተዘረጋሁ። የፎቶ ሰው ቀጠሮው ከፀሐይ ጋር ነው። ቲማቲሟንም ሹፌሩንም ረሳሁ፤ ይኼው ተናዘዝኩ።

ዓሊ ወጣ ብሎ ነበር፤ ሲመለስ ዳጉ ይዞ መጣ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳያጎድል ይነግረዋል፤ ያኛውም ለሚቀጥለው። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ዳጉ ይሠራል። የዳጉ ወሬ ደግሞ አይቸኮልበትም፤ ዓሊ ስለ ዝናብ ጀመረ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ አንድ ዘመዱ ግመል...

«ከዲቾቶ መንገድ ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቲማቲም የጫነ መኪና አሸዋ ውስጥ አለ። ሊጎትቱት ሁለት መኪና ቆመው ነበር፤ ሹፌሩ አላስነካም አለ።»

«ምነው? አበደ?» አለች ዘሃራ።

«አንዲት ኢንጂነር ሴት ማንም አይንካት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥቼ አነሳታለሁ ብላኛለች አለ። ባለባርኔጣ ናት፤ ትንሽ ግን ጉልበቷ ሌላ የሆነ መሣሪያ አላት። እየጠበቃት ነው።»

የማንጎ ብርጭቆዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። ዘሃራ ባርኔጣዬን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ሳቀች...

«ዓሊ፣ አንተ ከኔ ጋር አልነበርክም?» አልኩት። «ይሄን ሁሉ እንደ እንግዳ ወሬ ትነግረኛለህ?»

«ዳጉ እንደሰሙት ነው የሚነገር፣ እህቴ። የኔ ሐሳብ አይገባበትም።» ቁልፉን አነሳ። «ግን ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ካልሄድሽ፣ ነገ አሳይታ ገበያ ላይ ቃሏን የበላች ሴት ተብሎ ይነገራል። እሱም እንደሰሙት ነው የሚነገር።»

«አብሽሪ» አለችኝ ዘሃራ ዓይኗን እየጠረገች። «ጉልበት ያለው መሣሪያ አለኝ ብለሽ የለ?»

ጭማቂ ቤቱ ውስጥ የነበሩ አራት አስተማሪዎችን ለመንን፤ ገሚሱ ለርዳታ፣ ገሚሱ ጉዱን ለማየት ፒካፑ ላይ ወጡ። ስንደርስ ጋሽ በላቸው አስፋልቱ ዳር ቆሟል። መኪናዋ ልክ እንዳለች ናት፤ አልተነካችም። የላይኞቹ ሳጥኖች ብቻ ያለ እሳት ስልስ ሆነዋል።

«ኢንጂነር! አትቀሪም ብዬ ነበር። ክሬኑስ?»

መዋሸት አማረኝ። ግን ዓሊ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ነው፤ የሱ ጆሮ ደግሞ አሳይታ ይደርሳል።

«ጋሼ... እኔ ፎቶ ነው ያልኩት።»

«የምን ፎቶ?»

«የመኪናዋን። ፎቶ ላንሳት ማለቴ ነበር።»

መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መኪናዋን አየ።

«ይቺን? አገር ምድሩ ደህና መኪና ሞልቶት?»

«እሷ የቆመ አታነሳም፣ ጋሼ» አለች ዘሃራ። «የወደቀ ነው የምትወደው።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። «ልጆቼ እንግዲህ በዚህ ጭነት ነበር...» ብሎ አልጨረሰውም፤ ወደ ቲማቲሙ ዞረ። ያን ጊዜ ሰደርያዬን አውልቄ ወረወርኩና የመጀመሪያውን ሳጥን አነሳሁ። ከዚያ ሁለተኛውን። አስተማሪዎቹ ተሰለፉ፤ ሳጥን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመኪና ወደ አስፋልት ዳር። ዘሃራ ከጎማው ሥር በሳህን አሸዋ ትዝቃለች፤ አፏም አላረፈም። ጭነቱ ወርዶ ሲያልቅ ዓሊ ገመድ አስሮ በፒካፑ ሳበ፣ እኛ ገፋን፤ መኪናዋ አቃስታ፣ አቃስታ... ወጣች። ከዚያ ያወረድነውን ሁሉ መልሰን ጫንን። የበሰበሰው ጥቂት ነበር፤ ጋሽ በላቸው ሌሊቱን ከነዳሁ እደርሳለሁ አለ። መርቆኝ ሄደ። «ኢንጂነር» የምትለውን ግን አልተዋትም።

አሁን የሚያስለቅሰኝን ልንገራችሁ። ያን ምሽት አቧራው ረግቶ ነበር። ፀሐይዋ ከጥቁሩ ድንጋይ ጀርባ ስትገባ ሰውም ሳጥኑም አሸዋውም ወርቅ ሆነ። እንደዚያ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። እኔ ደግሞ ሁለት እጄ ቲማቲም ብቻ! ሁሉን አንስቼ ፎቶ ሳላነሳ ተመለስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሥራ አዋሽ ሄድኩ። በባቡር ጣቢያው አካባቢ የካሜራዬን ቦርሳ አንግቼ ስዞር፣ አንድ የማላውቀው ሹፌር እየሮጠ መጣ።

«እህቴ፣ የሰመራዋ አንሺ አንቺ ነሽ አሉ? መኪናዬ ቦይ ውስጥ ገብታብኝ...»

ዘንድሮስ ተምሬያለሁ አልኩ። ሳልናገር፣ ስህተት እንዳይኖር፣ ካሜራዋን አውጥቼ ዓይኑ ሥር አሳየሁት። ተቀብሎ አገላበጣት፤ በእጁ መዘናት፤ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«በዚችው ነው ያን ሁሉ ቲማቲም ያነሳሽው?»